ነዋሪውን ከመጤው መለየት፦ ማይክሮግሊያ በነርቭ ሥርዓት ብግነት ምርምር

አኅጽሮተ ጥናት

ማይክሮግሊያ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ የሚኖሩ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ናቸው። እንደ መልቲፕል ስክለሮሲስ ባሉ የነርቭ ሥርዓት የብግነት በሽታዎች በቁስሉ ስፍራ በብዛት ስለሚታዩ ለጉዳቱ ተጠያቂ ተደርገው ሲቆጠሩ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ከደም ወደ ቁስሉ የሚገቡ ማክሮፋጆች በመልክም በጠባይም ይመስሏቸዋል። ይህ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን ለያይቶ ይመረምራል፤ ሕዋሱ ከየት መጣ? በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል? ለጉዳቱ ወይም ለጥገናው ምክንያት መሆኑስ በምን ይታወቃል? የጽሑፉ መከራከሪያ ለአንዱ ጥያቄ የተገኘ መልስ ለሌላው ማስረጃ ሆኖ መቅረብ አይገባውም የሚል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

መልቲፕል ስክለሮሲስ የነርቭ ክሮችን የሚሸፍነውን ማይሊን የተባለ በስብ የበለጸገ ልባስ የሚያጠፋ በሽታ ነው። ልባሱ ሲላጥ በክሩ የሚተላለፈው መልእክት ይዘገያል ወይም ይቋረጣል፤ ውሎ አድሮም ክሩ ራሱ ይጠፋል። በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ በሽታው መጀመሪያ እየተነሣ የሚተው ሆኖ ይታያል፤ ዓመታት ሲያልፉ ግን በብዙዎቹ ላይ ያለ ግልጽ ግርሻ ቀስ በቀስ የሚብስ የአካል ጉዳት ያስከትላል።

ባለፉት ሦስት ዐሥርት ዓመታት የተገኙት መድኃኒቶች በአብዛኛው ከደም ወደ አንጎል የሚገቡ ሊምፎሳይቶችን የሚገቱ ናቸው። ግርሻን በእጅጉ ቀንሰዋል፤ ቀስ በቀስ የሚብሰውን ጉዳት ግን የዚያኑ ያህል ሊያቆሙት አልቻሉም። ከደም የሚመጣው ተዘግቶ ጉዳቱ ከቀጠለ፣ ምክንያቱ ከውስጥ ሊሆን ይችላል የሚለው ግምት የተጠናከረውና የተመራማሪዎች ዓይን ወደ ማይክሮግሊያ የዞረው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ የስያሜ ክርክር ብቻ አይደለም። ጉዳት አድራሹ የአንጎሉ ነዋሪ ሕዋስ ከሆነ እርሱን መግታት ሕሙማንን ይጠቅማል። ነዋሪው የፈረሰውን ማይሊን ጠርጎ ለጥገና መንገድ የሚከፍት ከሆነ ግን እርሱን መግታት ማገገምን ማሰናከል ይሆናል። ስለዚህ በአጉሊ መነጽር ሥር የሚታየውን ሕዋስ ማንነት በትክክል ማወቅ ለሕክምናው አቅጣጫ ወሳኝ ነው።

2. የትውልድ ጥያቄ

ራሞን ኢ ካሃል ከነርቭ ሕዋስና ከአስትሮሳይት የተለዩትን የአንጎል ሕዋሳት በጅምላ «ሦስተኛው አካል» ብሎ ጠርቷቸው ነበር። ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ በ1919 ባወጣቸው ጽሑፎች በብር ካርቦኔት ማቅለሚያ ተጠቅሞ ከእነዚህ መካከል ማይክሮግሊያን ለይቶ አወጣ። ሕዋሳቱ በጤናማ አንጎል ውስጥ ቅርንጫፋም መሆናቸውን፣ ጉዳት ሲደርስ ቅርንጫፋቸውን ሰብስበው እንደ አሜባ እንደሚድቦለቦሉና ፍርስራሽ እንደሚውጡ ገልጿል። ከነርቭ ሕዋሳት ጋር በአንድ የጽንስ ሽፋን እንዳልተፈጠሩና በዕድገት ጊዜ ወደ አንጎል የገቡ መሆናቸውንም ያመነ ሰው ነው።

ይህ ግምት በዘረመል መሣሪያ የተረጋገጠው ከዘጠና ዓመታት በኋላ ነው። በ2010 የታተመው የጊንሁና የባልደረቦቹ ጥናት በአይጥ ጽንስ ውስጥ የሚገኙ ቀዳማይ ሕዋሳትን በማይጠፋ ምልክት አትሞ፣ የአዋቂ አይጥ ማይክሮግሊያ ከጽንሱ 8ኛ ቀን በፊት በአስኳል ከረጢት ውስጥ ከሚፈጠሩ ሕዋሳት እንደሚወለዱ አሳየ። በአንጻሩ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩት ሞኖሳይቶች በመቅኒ ውስጥ ዘወትር የሚመረቱ ናቸው። እንግዲህ ማይክሮግሊያና ከሞኖሳይት የሚገኘው ማክሮፋጅ በሥራ ቢቀራረቡም የዘር ሐረጋቸው የተለያየ ነው።

ከዚህ ቀደም ብሎ የተነሣው ክርክር ለዘዴ ጥናት ትልቅ ትምህርት ትቶ አልፏል። የአይጥን መቅኒ በጨረር አጥፍቶ ምልክት ባለው መቅኒ በሚተካ ሙከራ፣ ከደም የመጡ ሕዋሳት አንጎል ገብተው ማይክሮግሊያ መሰል መልክ ሲይዙ ይታዩ ነበር። ከዚህም ማይክሮግሊያ ዘወትር ከደም ይተካሉ የሚል ድምዳሜ ተወሰደ። በ2007 አጃሚና ባልደረቦቹ ጨረሩን ትተው፣ ሁለት አይጦችን በቀዶ ጥገና አጣምረው የደም ዝውውራቸውን አንድ በማድረግ ጥያቄውን ደግመው መረመሩ። አንዱ አይጥ ለሌላው ያቀበላቸው የደም ሕዋሳት ወደ ማይክሮግሊያ አልተለወጡም። ቀደም ሲል ለታየው ዝውውር በር የከፈተው ጨረሩና የመቅኒ ተከላው ነበር ማለት ነው። ዘዴው ራሱ የሚለካውን ነገር ሊፈጥር እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በሰው ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ ማድረግ አይቻልም። ሆኖም በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተካሄዱት የኑክሌር ፍንዳታዎች በከባቢ አየር የለቀቁት ካርቦን 14 በሰው ሕዋስ ዲኤንኤ ውስጥ የጊዜ አሻራ ትቷል። ይህንን አሻራ በመለካት በ2017 የታተመ ጥናት የሰው ማይክሮግሊያ በአማካይ 4.2 ዓመት ዕድሜ እንዳላቸውና በየዓመቱ 28 በመቶ ያህሉ እንደሚታደሱ ገምቷል። ሕዋሳቱ ረጅም ዕድሜ ቢኖራቸውም በዝግታ ራሳቸውን ይተካሉ።

3. የበሽታ አምሳያዎችና ገደባቸው

በዚህ ዘርፍ ከሁሉ በላይ የተሠራበት አምሳያ ኢኤኢ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚጠራው፣ በሙከራ የሚነሣው የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ብግነት ነው። መነሻው ክትባት ነው። ከእንስሳት የነርቭ አካል በሚዘጋጀው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ምክንያት በአንዳንድ ተከታቢዎች ላይ ሽባነት ይደርስ ነበር። በ1933 ሪቨርስ፣ ስፕረንትና ቤሪ ምክንያቱን ለማወቅ በጦጣዎች ላይ የጥንቸል አንጎል ጭማቂ ደጋግመው በመውጋት ብግነትና የማይሊን መጥፋት ማስከተል ቻሉ። ከነርቭ አካል የሚዘጋጅ ክትባት በአገራችንም ለብዙ ዓመታት በሥራ ላይ የዋለ በመሆኑ ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ አይደለም።

ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራው በሲ57ብላክ6 አይጦች ላይ ነው። ሞግ ከተባለው የማይሊን ፕሮቲን የተወሰደ ቁራጭ ከፍሮይንድ ሙሉ አጋዥ ጋር ተቀይጦ ይወጋል፤ የትክትክ ባክቴሪያ መርዝም ይታከላል። አይጡ ከጅራት መዛል ጀምሮ እስከ እግር ሽባነት በሚደርስ መለኪያ ይገመገማል። በዚህ አምሳያ ከደም የሚገቡ ቲ ሕዋሳትና ሞኖሳይቶች ዋና ተዋናዮች ስለሆኑ ነዋሪውን ከመጤው የመለየት ችግር እጅግ ይጎላል።

ሁለተኛው አምሳያ ኩፕሪዞን የተባለ መዳብ ቀላቢ ኬሚካል ነው። በመኖ ውስጥ 0.2 በመቶ ተቀላቅሎ ለ5 ወይም ለ6 ሳምንታት ሲሰጥ ማይሊን ሠሪ የሆኑት ኦሊጎደንድሮሳይቶች ይሞታሉ፤ ሁለቱን የአንጎል ንፍቀ ክበቦች በሚያገናኘው ድልድይ ላይ ማይሊን ይጠፋል። ኬሚካሉ ሲቋረጥ ማይሊኑ ይመለሳል። በዚህ አምሳያ የደም ሕዋሳት ድርሻ አነስተኛ በመሆኑ የማይክሮግሊያን ጠረጋና የጥገና ሚና ለማጥናት ይመቻል። በአንጻሩ በሽታውን የሚቀሰቅሰው የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ስላልሆነ ስለ በሽታው አነሣሥ ብዙ አይነግረንም። አምሳያ የሚመረጠው በተለመደነቱ ሳይሆን ለተነሣው ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ሊሆን ይገባል።

4. በአንድ ቁስል ውስጥ ሁለት ሥራ

በኢኤኢ ላይ ነዋሪውንና መጤውን በቀለም መለየት ያስቻለው፣ ማይክሮግሊያ በአረንጓዴ፣ ሞኖሳይቶች በቀይ አብሪ ፕሮቲን እንዲለዩ ሆነው የተዳቀሉ አይጦች መገኘታቸው ነው። ያማሳኪና ባልደረቦቹ በ2014 ይህንን ዘዴ ከኤሌክትሮን አጉሊ መነጽር ጋር አጣምረው የበሽታውን መጀመሪያ መረመሩ። ከሞኖሳይት የተገኙት ማክሮፋጆች የራንቪየር አንጓ በሚባለው የክሩ ክፍል ላይ ተጣብቀው ማይሊኑን ሲልጡ ታዩ። ማይክሮግሊያው በአብዛኛው ፍርስራሹን የሚጠርግ ነበር። ሁለቱ በአንድ ቁስል ውስጥ፣ በአንድ ቀን፣ ጎን ለጎን ሆነው የተለያየ ሥራ ይሠሩ ነበር ማለት ነው።

አጃሚና ባልደረቦቹ በ2011 ያወጡት ጥናትም ከዚህ ጋር ይስማማል። ወደ ነርቭ ሥርዓት የገቡት ሞኖሳይቶች በሽታው እንዲብስ ያደርጋሉ፤ በሽታው ሲበርድ ግን ይጠፋሉ እንጂ ከነዋሪዎቹ ጋር ተቀላቅለው አይቀሩም። በተለመደው ማቅለሚያ ብቻ የታየ ቢሆን ኖሮ ሁሉም «የነቃ ማይክሮግሊያ» ተብሎ በተመዘገበ ነበር።

ይህ ውጤት ማይክሮግሊያን ከጥፋት ሁሉ ነጻ አያወጣም። ግኝቱ የአንድ አምሳያ፣ የአንድ የበሽታ ደረጃ ነው። በ2017 ሊድሎውና ባልደረቦቹ፣ የነቁ ማይክሮግሊያ ኢንተርሊውኪን 1 አልፋ፣ ቲኤንኤፍና ሲ1ኪው የተባሉ ሦስት ፕሮቲኖችን በማመንጨት አስትሮሳይቶችን ለነርቭ ሕዋስ መርዛማ ወደሆነ ሁኔታ እንደሚለውጡ አሳይተዋል። አንድ ሕዋስ በአንድ ጊዜ ጠራጊ፣ በሌላ ጊዜ ጎጂ ሊሆን ይችላል።

5. ምልክት፣ ቅርጽና ሁኔታ

አይቢኤ1 እና ሲዲ11ቢ የተባሉት ፕሮቲኖች በብዙ ጥናቶች የማይክሮግሊያ ምልክት ሆነው ያገለግላሉ፤ ነገር ግን በማክሮፋጆችም ላይ ይገኛሉ። ፒ2አርዋይ12 እና ቲኤምኢኤም119 በተሻለ ሁኔታ ነዋሪውን ይለያሉ። ችግሩ ሁለቱም በብግነት ጊዜ መቀነሳቸው ነው። በመልቲፕል ስክለሮሲስ በሞቱ ሰዎች አንጎል ላይ የተደረጉ ምርመራዎች በንቁ ቁስል ውስጥ ፒ2አርዋይ12 እጅግ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ስለዚህ ምልክቱን ያጣ ሕዋስ መጤ ነው ማለት አይቻልም፤ ምልክቱን የጣለ ነዋሪም ሊሆን ይችላል። ምልክቱ እጅግ የሚያስፈልገን በቁስሉ መካከል ነው፤ እጅግ የሚከዳንም እዚያው ነው።

ቅርጽም እንዲሁ አሳሳች ነው። በ2005 በሕይወት ባሉ አይጦች አንጎል ላይ የተደረጉ የምስል ጥናቶች «ያረፈ» ይባል የነበረው ቅርንጫፋም ማይክሮግሊያ ቅርንጫፎቹን ያለማቋረጥ እያንቀሳቀሰ አካባቢውን እንደሚዳስስ አሳዩ። ዕረፍት የሚለው ቃል የማቅለሚያው ውጤት ነበር፤ የሞተ ሥጋ አይንቀሳቀስምና። በተመሳሳይ መልኩ የተድቦለቦለ ሕዋስ ሁሉ ጎጂ አይደለም፤ ፍርስራሽ የሚጠርገውም ይድቦለቦላልና።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሣው «ኤም1» እና «ኤም2» የሚለው ክፍፍል ነው። ስያሜው የመጣው በሳህን ላይ ካደጉ ማክሮፋጆች ጥናት ሲሆን የመጀመሪያውን አጥፊ፣ ሁለተኛውን ጠጋኝ ያደርጋል። ራንሶሆፍ በ2016 ይህ ክፍፍል ለማይክሮግሊያ እንደማይሠራ በጽኑ ተከራክሯል። በአንድ ሕዋስ ደረጃ የሚደረገው የአርኤንኤ ንባብም ሁለቱን ወገኖች በአንድነት የሚይዙ ወይም ከሁለቱም ውጭ የሆኑ ሁኔታዎች መኖራቸውን አረጋግጧል። በ2017 በአልዛይመር አምሳያ አይጦች ላይ የተገለጸው ከበሽታ ጋር የተያያዘ የማይክሮግሊያ ሁኔታ አንዱ ምሳሌ ነው፤ ሁኔታው ሙሉ በሙሉ እንዲገለጥ ትሬም2 የተባለውን ተቀባይ ይፈልጋል።

6. ከአንጎል የወጣ ሕዋስ

ማይክሮግሊያን ነጥሎ ማጥናት የብዙ ቤተ ሙከራዎች ልማድ ነው። ሆኖም ሕዋሱ ማንነቱን የሚጠብቀው በአካባቢው በሚቀበላቸው መልእክቶች ነው። በ2017 የወጡ ጥናቶች ማይክሮግሊያ ከአንጎል ወጥተው በሳህን ላይ ሲቀመጡ መለያ የሆነውን የዘረመል አገላለጻቸውን በሰዓታት ውስጥ መጣል እንደሚጀምሩ አሳይተዋል። ከተመለሱ ግን ይመለስላቸዋል፤ በ2018 በሳህን ያደጉ ማይክሮግሊያ ማይክሮግሊያ ወደሌለው የአይጥ አንጎል ሲተከሉ ማንነታቸውን መልሰው ያዙ። ከመቅኒ የመነጩ ሕዋሳት ግን በዚያው አንጎል ውስጥ ቢቀመጡም ልዩነታቸው አልጠፋም። አካባቢና ትውልድ ሁለቱም ድርሻ አላቸው።

ገና ከአንጎል በማውጣቱ ሂደት ላይም ጥንቃቄ ያሻል። ሥጋውን በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ በኢንዛይም መፍታት ራሱ ሕዋሳቱን የሚያስቆጣ በመሆኑ፣ በበሽታ የመጣ የሚመስል የዘረመል አገላለጽ ይፈጥራል። በ2022 ማርሽና ባልደረቦቹ የአርኤንኤንና የፕሮቲንን ምርት የሚገቱ ንጥረ ነገሮችን በመፍቻው ውስጥ በመጨመር ይህንን ሰው ሠራሽ ምልክት መከላከል እንደሚቻል አሳይተዋል። በቅዝቃዜ በሜካኒካል መንገድ መፍታትም ሌላው አማራጭ ነው።

ቢቪ2 የተባለው የአይጥ የሕዋስ ዘር በዋጋ ርካሽና በቀላሉ የሚባዛ በመሆኑ በሰፊው ይሠራበታል። በካንሰር አምጪ ዘረመሎች አማካይነት ያለማቋረጥ እንዲባዛ የተደረገ ሕዋስ ስለሆነ ግን ከእርሱ የተገኘ ውጤት እንደ መነሻ ግምት እንጂ ስለ አንጎል እንደ ድምዳሜ መወሰድ የለበትም። ከአዲስ ተወላጅ አይጦች የሚወሰደው ሕዋስም ከአዋቂው ይለያል።

7. ምክንያትነትን መፈተን

ሕዋሱ በቁስሉ ስፍራ መገኘቱ ለጉዳቱ ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም፤ እሳት አጥፊም ከቃጠሎው ስፍራ አይጠፋም። ምክንያትነትን ለመፈተን ሕዋሱን ማስወገድ ያስፈልጋል። በ2014 ኤልሞርና ባልደረቦቹ ማይክሮግሊያ ለሕይወታቸው የሚመኩበትን ሲኤስኤፍ1አር የተባለ ተቀባይ በመኖ በሚሰጥ መድኃኒት በመግታት ከአዋቂ አይጥ አንጎል ማይክሮግሊያን በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን አጠፉ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሕዋሳቱ በአጭር ጊዜ መልሰው ሞሉ።

ይህ መሣሪያ በኢኤኢ ላይ ሲውል ውጤቱ አንድ ዓይነት አልሆነም፤ እንደ አይጡ ዘርና እንደ በሽታው ደረጃ በሽታው ሲቀልም ሲብስም ታይቷል። ከዚህም በላይ መድኃኒቱ ከአንጎል ውጭ ያሉ ማክሮፋጆችንም ስለሚነካ፣ የታየው ለውጥ ከየትኛው ሕዋስ መጥፋት እንደመጣ በእርሱ ብቻ መለየት አይቻልም።

በሰው ላይ ተፈጥሮ ራሷ ያደረገችው ሙከራ አለ። ትሬም2 ወይም አጋሩ ታይሮቢፒ ሙሉ በሙሉ ሲበላሹ ናሱ ሐኮላ የተባለ በአፍላ ጎልማሳነት የሚጀምር የመርሳትና የአጥንት በሽታ ይከተላል። የሲኤስኤፍ1አር ዘረመል ጉድለትም የአንጎልን ነጭ ክፍል የሚያጠፋ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ያመጣል። የማይክሮግሊያ ሥራ መጉደል ብቻውን የነጩን ክፍል ጤና እንደሚያናጋ ሁለቱም ይመሰክራሉ።

8. ወደ ሕሙማን

በሕሙማን ዘንድ ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሳበው፣ ብረት ያዘሉ ማይክሮግሊያና ማክሮፋጆች በዙሪያው የከበቡት፣ ለዓመታት የሚጤስ ቁስል ነው። በኤምአርአይ ምስል ላይ ጠርዙ እንደ ቀለበት ይታያል። በ2019 የወጣ ጥናት አራትና ከዚያ በላይ እንዲህ ያለ ቁስል ያላቸው ሕሙማን በለጋ ዕድሜ ለእንቅስቃሴና ለአእምሮ ጉዳት እንደሚዳረጉ አሳይቷል።

ይህንን ሂደት ለመግታት ቢቲኬ የተባለውን ኢንዛይም የሚያግዱና ወደ አንጎል የሚዘልቁ መድኃኒቶች ተሞክረዋል። ቶሌብሩቲኒብ ያለ ግርሻ እየባሰ በሚሄደው የበሽታው ዓይነት ላይ ተሞክሮ፣ በ2025 በታተመው ውጤት መሠረት ለስድስት ወራት ጸንቶ የቆየ የአካል ጉዳት መባባስን ዕድል ከማስመሰያ መድኃኒት አንጻር በ31 በመቶ ቀንሷል። በሚያገረሸው ዓይነት ላይ ግን በግርሻ ብዛት ከነባሩ ቴሪፍሉኖማይድ አልተሻለም። የጉበት ጉዳትም የመድኃኒቱ አሳሳቢ ገጽታ ሆኖ ተመዝግቧል። የሁለቱ ውጤቶች መለያየት በአንጎል ውስጥ ያለ ሂደት ተነክቷል የሚለውን ግምት ያጠናክራል። ሆኖም ቢቲኬ በቢ ሕዋሳትም ውስጥ ስለሚሠራ የመድኃኒቱ ስኬት የማይክሮግሊያን ጥፋተኝነት በቀጥታ አያረጋግጥም።

9. ለተመራማሪው የሚተርፍ

ከላይ ከተዘረዘረው አምስት የአሠራር ምክሮች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ የዘር ሐረግ ካልተፈተነ በቀር «ማይክሮግሊያ» ከማለት «አይቢኤ1 ያለው ሕዋስ» ብሎ መጻፍ ይበልጥ እውነት ነው። አጉሊ መነጽርና ጥቂት አንቲቦዲ ብቻ ያለው ቤተ ሙከራ እንኳ ይህንን ጥንቃቄ ያለ ተጨማሪ ወጪ ሊያደርግ ይችላል።

ሁለተኛ፣ «ነቃ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይገልጽም። የተለካው ቅርጽ ከሆነ ቅርጽ፣ የመዋጥ ችሎታ ከሆነ የመዋጥ ችሎታ ተብሎ ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ የሙከራው አሃድ አይጡ እንጂ ሕዋሱ አይደለም። ከሦስት አይጦች ሦስት መቶ ሕዋሳት ቢቆጠሩ የናሙናው ብዛት ሦስት ነው፤ ሦስት መቶ አድርጎ ማስላት ሐሰተኛ እርግጠኝነት ያመጣል።

አራተኛ፣ ማይክሮግሊያ ለባክቴሪያ ኢንዶቶክሲን እጅግ ንቁ ናቸው። በባክቴሪያ ውስጥ የተመረተ ፕሮቲን በሳህን ላይ ሲጨመር የታየው ምላሽ የፕሮቲኑ ወይስ የብክለቱ መሆኑ በማነጻጸሪያ ሊለይ ይገባዋል።

አምስተኛ፣ የጊዜ ጉዳይ አይዘንጋ። በበሽታው 10ኛ ቀንና በ40ኛው ቀን የሚገኘው ሕዋስ አንድ ሥራ ላይሠራ ይችላልና በአንድ ቀን የተወሰደ ናሙና የበሽታውን ሙሉ ታሪክ አይናገርም።

ማጠቃለያ

ሪዮ ኦርቴጋ በብር ማቅለሚያ ከለያቸው ወዲህ በነበሩት ከመቶ በላይ ዓመታት ማይክሮግሊያ በየተራ ዐርፈው የተቀመጡ፣ ከደም የሚተኩ፣ አጥፊዎች፣ ጠጋኞች ተብለዋል። ከእነዚህ ስያሜዎች አብዛኞቹ በወቅቱ ከነበረው መሣሪያ የመነጩ ነበሩ። ዛሬ ያሉት መሣሪያዎችም የራሳቸው ገደብ አላቸው። ከየት መጣ፣ በምን ሁኔታ ላይ ነው፣ ምን አደረገ የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ለየብቻ የሚጠይቅና ለየብቻ የሚመልስ ጥናት ዘገምተኛ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጠራጊውን ሕዋስ ከላጪው ጋር አብሮ የሚገድል መድኃኒት ወደ ሕሙማን እንዳይደርስ የሚጠብቀው ይኸው ጥንቃቄ ነው።